አየር ያገኘው እንሰት

እኅቴ ይርገዱ በሰባ አንድ ዓመቷ እንደገና ቁመት መጨመር ጀመረች። በዚያው ሰሞን ጓሮዋ ያለው የእንሰት ችግኝ ማደግ አቆመ። ሁለቱ ነገሮች አንድ መሆናቸውን ያወቀችው ራሷ ናት። አንድ ጠዋት ከጎጆዋ ስትወጣ ግንባሯ የበሩን ጉበን መታ፤ ከተዳረችበት ጊዜ ጀምሮ ሳትጎነበስ የምትወጣበት በር ነው። ግንባሯን እያሻሸች ወደ ጓሮ ሄደች፣ ችግኙን ዞራ አየች፣ ተመልሳ መጣችና "የሱን ነው የወሰድኩት" አለችኝ።

እኔ ይርገዱ ቤት የመጣሁት የራሴ ለቅሶ ካበቃ በኋላ ነው። ከአገር ርቄ የኖርኩት ከዕድሜዬ ግማሽ በላይ ነው። የኖርኩበት ከተማ ብርዳም ነበር፤ ስለሱ ሌላ የምናገረው የለኝም። ከዚያ የተመለሰ አንድ ነጋዴ "አሰገደች ሞታለች" ብሎ ለመንደሩ ተናገረ። የማንን ሬሳ አይቶ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። መርዶ በማለዳ፣ በሽማግሌ አፍ፣ ሰው ሥራ ሳይጀምር ነው የሚነገረው። ነጋዴው ግን ወጉን አያውቅም ነበርና እኩለ ቀን ላይ መንገድ ቆሞ ተናገረው።

ያ ቀን መንደሩ በሙሉ አሚቾ የሚሰነጥቅበት ቀን ነበር። አዲስ የእንሰት ችግኝ የሚገኘው እንዲህ ነው። ገና ያላበበ ጎልማሳ እንሰት ይነቀላል፣ ግንዱ ይቆረጣል፣ ከሥሩ ያለው አሚቾ ይሰነጠቅና ወደ ላይ የሚያድግበት እምብርቱ ተፈልፍሎ ይወጣል። ወደ ላይ መሄድ የተከለከለችው እናት በዙሪያዋ ልጆች ታወጣለች። ወንዶች ይሰነጥቃሉ፣ ሴቶች አፈርና ፍግ ያለብሳሉ። በኛ መንደር የተሰነጠቀ አሚቾ አፈር ሳይለብስ አያድርም። ለቅሶ ከተነሣ ደግሞ እስኪያልቅ ድረስ ማንም አፈር አይነካም፣ ከመቃብሩ አፈር በስተቀር። እኔ ሬሳዬ እዚያ ስላልነበረ መቃብርም አልነበረኝም። ስለዚህ የሁሉም እጅ ቆመ።

ለቅሶዬ እስኪያበቃ ድረስ አሚቾው በየጓሮው አፉን ከፍቶ ፀሐይና ነፋስ ላይ ሰነበተ። ነጭ የነበረው ውስጡ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ቡናማ ሆነ፣ በመጨረሻ የዛገ ብረት መሰለ። ሰዎቹ ከለቅሶው ሲነሡ እንዳለ ቀበሩት። ለዘር የደረሰ እንሰት ሁሉ በዚያ ቀን ተነቅሎ ስለነበር የዓመቱ ዘር እሱ ብቻ ነበር።

እኔ የደረስኩት ችግኙ ብቅ ባለበት ሰሞን ነው። ይርገዱ በሩ ላይ ቆማ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

"ለቅሶሽን ጨርሻለሁ" አለች። "ድጋሚ የማለቅሰው የለኝም።"

"እንድታለቅሺልኝ አልመጣሁም፣ እትዬ።"

"ግቢ እንግዲህ። ጫማሽን አውልቂ።"

መንደሩ ለቅሶን መልሶ የሚያፈርስበት ሥርዓት የለውም፤ ከዚህ በፊት አላስፈለገውም። ስለዚህ ከሟቾች እንደተቆጠርኩ ቀረሁ። በዚህ ማንም ክፉ አልሆነብኝም። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ደኅንነቴን ይጠይቁኝና ሲለዩኝ "ነፍስሽን ይማር" ይሉኛል። ዕድሩ ሲሰበሰብ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ቦታ አይሰጡኝም፣ ግን ቆሜ እንዳዳምጥ አይከለክሉኝም። የሽማግሌዎቹ ታላቅ አቶ በርጋ እኔን ባዩ ቁጥር ኮፍያቸውን ያወልቃሉ። ለሕያዋን አያወልቁም።

ይርገዱ ግንባሯ ጉበኑን በመታ በሳምንቱ ቀሚሷ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ወጣ። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ ግድግዳው ላይ ባለው መለኪያ አስጠግታ ለካቻት፤ መለኪያው አለቀ፣ ይርገዱ አላለቀችም። ነርሷ ወንበር ላይ ወጥታ ቀሪውን በእጇ ስንዝር ጨረሰችው። ከዚያ የደም ግፊቷን ለካችና "ግፊቷ ጥሩ ነው" አለች። ስንወጣ ጨው እንድትቀንስ መከረቻት።

የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ሰሚራ የምትባል ልጅ ናት። ችግኙ በመንደሩ ሁሉ በጉልበት ቁመት ላይ ቆሞ ስለቀረ ከጓሮ ጓሮ እየዞረች ታየው ነበር። የኛ ጓሮ ስትደርስ አንዱን ችግኝ ነቅላ፣ በቢላ ሰንጥቃ፣ የዛገውን መስመር በጣቷ አሳየችን። ይርገዱ ከላይ፣ እኔ ከጎን ሆነን አየን።

"ሆርሞን የሚባል ነገር አለ፣ እማማ" አለች። "ተክሉ የሚልከው መልእክት ነው። እደግ ይላል።"

"ለማን ነው የሚልከው?"

"ለራሱ።"

"ለራሱ?"

"አዎ፣ ለራሱ።"

ይርገዱ ነገሩን አልወደደችውም። ሰሚራ ግን ታገሰችና እስከ መጨረሻው አስረዳች። በተክሉ ሴሎች ውስጥ ይህን መልእክት የሚቀበሉና የሚያስተላልፉ ፕሮቲኖች አሉ። አሚቾው ተከፍቶ ሲሰነብት የአየሩ ኦክሲጅን ገባባቸውና ቅርጻቸውን አጣመመው፤ ልጆቹም ከዚያው ሥጋ የወጡ ናቸው። ተክሉ ውሃ አላነሰውም፣ ፍግ አላነሰውም፣ ተባይም የለበትም። እደግ የሚለው ቃል ይመጣል፣ በር ላይ ይቆማል፣ ከውስጥ የሚከፍትለት የለም። ሰሚራ እንዳለችው ችግኙ የታመመ አይደለም፤ የማይሰማ ነው።

"መልእክቱስ?" አለች ይርገዱ። "የሚቀበለው ሲያጣ የት ይሄዳል?"

ሰሚራ አሰበች። "እሱ መጽሐፉ ላይ የለም።"

"እኔ ጋ ነው የሚመጣው።"

ሰሚራ ቀና ብላ አየቻት። በጣም ቀና ማለት ነበረባት። "ይሆናል" አለችና ቢላዋን ጠረገች።

እሷ ከሄደች በኋላ ድምፁ ምን እንደሚመስል ይርገዱን ጠየቅኳት።

"እደጊ ይላል። ሌላ ነገር አይልም።"

"የማን ድምፅ ነው?"

"የማንም አይደለም። የሚያውቀኝም አይመስለኝም።"

በሕይወቴ ብዙ አንብቤያለሁ። ሰው ወደ ዛፍ፣ ወደ ወፍ፣ ወደ ተባይ የተለወጠበትን ታሪክ በልዩ ልዩ ቋንቋ አውቃለሁ። በሁሉም ውስጥ የሚለወጠው ሰው ወይ አንድ ነገር አጥፍቷል፣ ወይ አንድ አምላክ ወድዶታል። ይርገዱን ማንም አልቀጣትም፣ ማንም አልወደዳትም። ለሌላ የተላከ ነገር ደርሷት ነው። ይህን የመሰለ ታሪክ አላነበብኩም፤ ያነበብኩት ሁሉ እዚያ ጓሮ ውስጥ ለምንም አልጠቀመኝም።

ራሷ ጣሪያውን ሲነካ አቶ በርጋ ሁለት ጎረምሶች ይዘው መጡና ምን እንደሚሻል ተመካከርን። ጣሪያውን ማንሣት ምሰሶውን መንቀል ነው፤ ምሰሶው ከተነቀለ ቤቱ ቤት አይሆንም። ስለዚህ ወለሉን ለመቆፈር ተስማማን። ከምሰሶው አጠገብ እስከ ጉልበቷ ድረስ ተቆፈረላትና እዚያ ውስጥ ቆመች። ቀጥ ብላ መቆም በመቻሏ ደስ አላት። በማግስቱ አፈሩ እግሯን እንደሚሞቃት ነገረችኝ። በሦስተኛው ቀን ትንሽ ፍግ እንድጨምርላት ጠየቀችኝ፤ ውሃ እንደሚለምን ሰው አድርጋ ስለጠየቀችኝ ጨመርኩላት። በአራተኛው ቀን ከጉድጓዱ ልናወጣት ስንሞክር ጎረምሶቹ ብብቷን ይዘው ጎትተው አልቻሉም። "ተዉት" አለች። "ሥሬን ታሳምሙታላችሁ።" ከዚያ ቀን ወዲህ ፈጥና አደገች። ጣሪያው ላይ በራሷ ልክ ቀዳዳ ከፈትንላት፤ ከወገቧ በላይ ውጭ፣ ከወገቧ በታች ቤት ውስጥ ሆነች። ምግቧን በመሰላል ወጥቼ አበላት ነበር።

እንሰት ሲያድግ ይደነቃል፤ ትልቁ ነገር ግን መቼ እንደሚያብብ ማወቅ ነው። እንሰት በዕድሜው አንዴ ያብባል። አበባው ሲወጣ በአሚቾው ውስጥ ያለውን ሁሉ ይጨርሰዋል፤ አበባው ሲረግፍ ግንዱም ይወድቃል። መንደሩ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም፤ ስለዚህ ማንም አላወራውም። ቀን ቀን ሰዎች በአጥሩ ሲያልፉ ዓይናቸው የሚሄደው ወደ ይርገዱ ሻሽ ነበር። ከሻሹ ሥር አንድ ነገር ሊወጣ እንደሚችል ሁሉም ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። በየቀኑ መሰላሉን ስወጣ መጀመሪያ የምዳስሰው ሻሿን ነበር።

ሰሚራ ከወረዳ ተመልሳ መጣችና አንድ ነገር አለ አለች። ኦክሲጅን የሚያደርሰው ጉዳት ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ይመለሳል፣ አንዱ አይመለስም። የሚመለሰው ላይ ላዩን የያዘው ነው። የተላጠ ድንች እንዳይጠቁር ሎሚ እንደሚነካ ሁሉ፣ የችግኙ ሥርም ሎሚ ቢጠጣ የላይ ላዩ ሊለቅ ይችላል አለች። የማይመለሰውስ ስላት እሱ አይመለስም አለች።

የመንደሩ ሴቶች ሎሚ ከያለበት አምጥተው፣ ጨምቀው፣ በውሃ አቅጥነው እያንዳንዱን ችግኝ አጠጡ። ከጥቂት ቀን በኋላ በጓሯችን ጫፍ ያለው አንዱ ችግኝ ተጠቅልሎ የቆየ ቅጠሉን ዘረጋ። መሰላሉን ወጥቼ ለይርገዱ ነገርኳት።

"ዛሬ ዝም ብሏል" አለችኝ። "ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቃል አልመጣም።"

ያ ሳምንት ጥሩ ሳምንት ነበር። መሰላሉ ላይ ተቀምጬ ከሷ ጋር እውላለሁ፤ ከላይ ሆነን ሰፊውን የመንደር መንገድ፣ ከብቱን፣ የየሰዉን ጓሮ እናያለን። ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ የማን አጥር ወደ ማን መሬት እንደገፋ ትነግረኛለች። ከዚያ ከፍታ ሁሉም በግልጽ ይታያል። ለቅሶዬንም ያወራችልኝ ያን ጊዜ ነው። አልቃሿ እኔን ስለማታውቅ ያገኘችውን ሙያ ሁሉ ሰጥታኝ ነበር።

"ወጥሽ ከመንደር መንደር ይሸታል አለችሽ" አለች ይርገዱ። "ሳቄን በነጠላዬ አፍኜ ነው ያለቀስኩት።"

"ምን ያስቃል?"

"አንቺ እኮ ውሃ ታሳርሪያለሽ።"

ስትስቅ ጣሪያው ተንቀጠቀጠና ሣር ረገፈ። ቁመቷን በገመድ ለካሁ፤ አልጨመረችም። የሚመለሰው ዓይነት ነው ብዬ አመንኩ። እንዲያ ማመን አልነበረብኝም፣ ግን ሌላ የምሠራው አልነበረም።

በሳምንቱ መጨረሻ የተዘረጋው ቅጠል ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ከጫፉ ጀምሮ ዛገ። ሎሚው የላይ ላዩን አጥቦ ጨርሶ ነበር፤ የቀረው የማይመለሰው ነው። ሳምንቱን ሙሉ የቆየው መልእክት ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ይርገዱ መጣ። በማግስቱ ስነሣ የመሰላሉ ጫፍ ደረቷ ጋ ብቻ ይደርስ ነበር። ሻሿን መዳሰስ ስላልቻልኩ ራሷ ፈትታ ወረወረችልኝ። አናቷ ላይ፣ ሽበቷን ከፍሎ፣ የጨቅላ ጡጫ የሚያህል ቀይ እምቡጥ ወጥቷል።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ ጓሯችን ውስጥ ተሰበሰቡ። አቶ በርጋ ረጋ ብለው ነው የተናገሩት። በመንደሩ ያለው እንሰት በሙሉ አይሰማም አሉ። የማይሰማ እንሰት ቢሰነጠቅ የሚወልደው የማይሰማ ነው፤ እንዲህ ከቀጠለ የሚበላ አይኖርም። በመንደሩ ውስጥ የምትሰማ አንዲት ብቻ ናት። ካበበች ሁሉም ነገር አበባው ላይ ያልቃል። ሳታብብ ብትሰነጠቅና በወጉ ብትቀበር ግን ልጆቿ ይሰማሉ። ይህን ሲሉ መሬት መሬት ያዩ ነበር። ደግ ሰው ናቸው፤ ከይርገዱ ጋር አብረው ነው ያደጉት።

እምቢ አልኩ። ምክንያቴን በሥርዓት አስረዳሁ፤ ሰው ናት፣ እኅቴ ናት፣ ካበበችም ራሷ ናት የምታብበው አልኩ። አድምጠው ሲጨርሱ አቶ በርጋ ኮፍያቸውን አወለቁ።

"ሐሳብሽን ሰምተናል፣ አሰገደች" አሉ። "ሕያው ብትሆኚ ኖሮ ቃልሽን ማለፍ አንችልም ነበር።"

ወደ ላይ፣ ወደ እኅቴ አየሁ። እሷ ትመልስልኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

"እውነቱን ነው" አለች ይርገዱ ከላይ። "አንቺ የሞትሽ ነሽ፣ አሰጉ። አርፈሽ ተቀመጪ።" ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ "አንተ በርጋ" አለች፣ "ቶሎ አፈር እንዲያለብሱኝ ንገራቸው። አየር እንዳያገኘኝ። ያን ያህል ብቻ ነው የምለው።"

ሁሉም እሺ አሉ። አየር እንዳያገኛት ደግሞ ለቅሶ መኖር የለበትም። ለቅሶ ከተነሣ እጅ ይቆማል። ስለዚህ ለይርገዱ ማንም እንዳያለቅስ ተወሰነ፤ በዚያ ቀን ብቻ አይደለም፣ ልጆቿ ከአፈር እስኪወጡ ድረስ። ለጎረቤት መንደሮችም እንዳይነገር ተባለ። ሴቶቹ ተራ በተራ መጥተው ፊታቸው እንደማይለወጥ ቃል ገቡላት።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል መሰላሉን ወጣሁ። ደረቷ ጋ ደረስኩ። እራቷን ሰጠኋት፤ የያዘችው ጎድጓዳ ሳሕን በእጇ ውስጥ የቡና ሲኒ ይመስል ነበር።

"ብታብቢስ፣ እትዬ? ስንት ሳምንት ይኖርሻል እኮ።"

"ያን ሁሉ ሳምንት ቆሜ ልርገፍ?" አለች። አኝካ እስክትጨርስ ጠበቅኩ። "አንቺ ለምንድን ነው የመጣሽው? አልነገርሽኝም።"

"እዚህ ልሞት ነው የመጣሁት።"

"ተቀደምሽ" አለችና ሳሕኑን መለሰችልኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ወንዶቹ ሠሩት። አሠራሩን አልዘረዝርም፤ ለእንሰት የሚደረገው ያለ ምንም ልዩነት ተደረገ። ደም አልነበረም። ውስጧ እንደ ወተት ነጭ ነበር፤ አዲስ የተጨመቀ ቡላ ይሸታል። እምብርቷን ፈልፍለው ካወጡት በኋላ አቶ በርጋ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ጥላ ወሰዱት። ከዚያ በተቆፈረው ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ አስተኟትና ወደ ኋላ ሸሹ፤ ከዚህ በኋላ ያለው የሴቶች ሥራ ነው። ሴቶቹ በዙሪያዋ ተንበርክከው በእጃቸው አፈርና ፍግ መግፋት ጀመሩ። ማንም አላለቀሰም። አንዷ ስለ በጓ ታወራ ነበር። ሥራው ፈጣን ነበር፤ ሩቡ ያህል ተሸፍኖ ነበር።

ከወንዙ ማዶ የይርገዱ ሟች ባል እኅት ፋናዬ መጣች። እሷ ጋ ማንም አልተላከም፤ እንዳይነገር ስለተባለ እንዳይለቀስ የተባለውም አልደረሳትም። ሰው ሁሉ ወደ አንድ ጓሮ ሲሄድ ከማዶ ሆና አይታ የሚሆነውን ገምታለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ ደረቷን እየደቃች፣ የይርገዱን ስም በዜማ እየጠራች በአጥሩ ገባች። ጥሩ ድምፅ አላት። አቶ በርጋ እጃቸውን ዘርግተው ሮጡ፣ አፏን ሊይዙ ምንም አልቀራቸውም፤ ግን ድምፁ ተሰምቷል።

የሴቶቹ እጅ በአንድ ጊዜ ከአፈሩ ተነሣ፤ ጉድጓዱ ለተክል እንጂ ለመቃብር አልተቆፈረምና። ክፋት አይደለም። እኔ ራሴ ከመሄዴ በፊት እንዲያ ነበርኩ፤ ለቅሶ ሲገባ እጅ ራሱ ይነሣል። ቆመው፣ መዳፋቸው አፈር እንደያዘ፣ ዓይናቸው ጉድጓዱ ላይ፣ ፋናዬ እስክትጨርስ ጠበቁ። ፋናዬ ደግሞ መልስ የሚሰጣት ስላጣች አልጨረሰችም። አልቃሽ ካልተመለሰላት አታቆምም፤ ከተመለሰላት ለቅሶው ለቅሶ ይሆናል።

ወጉ የማያስረው አንድ ሰው ነበር፣ እኔ። ሙታን አፈር አይከለከሉም። ተንበርክኬ በሁለት እጄ መግፋት ጀመርኩ። ጉድጓዱ ሰፊ ነው። በቀኝ በኩል ስሸፍን በግራ በኩል ነጩ ይቀላል፤ ወደ ግራ ስዞር በራሷ በኩል ቡናማ ሆኗል። ሰሚራ አጥሩ ሥር ቆማ ነበር፤ የዚህ መንደር ሰው አይደለችም፣ ብትመጣ ማንም አይከለክላትም ነበር፣ ግን እጆቿን ግራና ቀኝ ሰቅላ ከሴቶቹ ጋር ቆማለች። ለሌሎች አክብሮት ብላ ነው። ጥፍሬ ውስጥ ጠጠር ገባ። ቁና ቁና ስተነፍስ ትንፋሼም አየር መሆኑ ትዝ አለኝና አፌን ዘጋሁ። የመጨረሻውን እፍኝ ሳፈስ ከሥሩ ያለው የዛገ ብረት ይመስል ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ዝናቡን መጠበቅ ነው። ጠበቅን። መንደሩ ለፋናዬ መልስ አልሰጣትም፤ ተቀይማ ሄደች። አቶ በርጋ እየመጡ ጉድጓዱ አጠገብ ይቆሙና ሊሆን ይችላል፣ ላይ ላዩን ብቻ ይሆናል የያዘው፣ የሚመለሰው ዓይነት ይሆናል ይሉኛል። እኔም ይሆናል እላቸዋለሁ።

ክረምቱ ሲገባ የይርገዱ ልጆች ወጡ። ብዙ ናቸው፤ ከአንዲት እናት ያን ያህል ሲወጣ አቶ በርጋም አላዩም። ወፍራሞች፣ ጤነኞች፣ ቀያይ ደም ሥር ያላቸው ናቸው። የመንደሩ ሰው እየመጣ አያቸው፤ የሳቀም ነበር። ጉልበት እስኪደርሱ በአንድ ቁመት አደጉ። ጉልበት ሲደርሱ ቆሙ። የእያንዳንዱ የመጨረሻ ቅጠል እንደ ተጨበጠ እጅ ተጠቅልሎ ቀረ፣ አልተዘረጋም። ሎሚ ሞከርን።

ትናንት ሰሚራ ሜትሯን ይዛ መጣች። ችግኞቹን አንድ በአንድ ለካችና ምንም አልጨመሩም አለች። ይህን ልትነግረኝ ከተንበረከከችበት ተነሣች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። እኔና ሰሚራ እኩል ነበርን፤ ከዚያ በፊት ቀና ብላ አይታኝ አታውቅም። ሁለታችንም የእጅጌዬን ጫፍ አየን፤ ከአንጓዬ በላይ ወጥቷል።

አቶ በርጋ አጥሩ ጋ ነበሩ። ኮፍያቸውን አወለቁና ደረታቸው ላይ ያዙት።

"ያንቺስ ለቅሶ ተለቅሷል" አሉ። "እጅ የሚያስቆም የለም።" ሊያጽናኑኝ ነው ያሉት።

እኔ ግን ሌላ ነገር እየሰማሁ ነበር። የማንም ድምፅ አልነበረም፣ የሚያውቀኝም አልመሰለኝም። ነፋስ አልነበረም፣ ግን የይርገዱ ልጆች በሙሉ ተጠቅልሎ የቀረ ቅጠላቸውን ቀስ ብለው ወደ እኔ አዘነበሉት።